ዜና ማኅበረ ሐኪሞች

ይህ ዜና የተጻፈው በምሥራቅ ጎጃም፣ በባሶ ሊበን ወረዳ፣ በይጁቤ ነው። አገሩ የባሶ ገበያ የገነነበት ነው፤ የጉድሩ ነጋዴ ዓባይን ተሻግሮ ወርቅና ቡና፣ ዝባድና የዝሆን ጥርስ ይዞ ሲመጣ፣ የጎንደር ነጋዴ በአሞሌ ጨው ይቀበለው ነበር። የተበተነ ሰው መገናኛ ስፍራ ሲያገኝ ምን እንደሚሆን ባሶ ያውቃልና፣ የሐኪሞችን መበተንና መሰብሰብ ከዚህ ሆኖ መጻፍ ተገቢ ሆነ።

በዘመነ ዮሐንስ፣ በ1860 ዓ.ም. ሚያዝያ 6 ቀን፣ ዐፄ ቴዎድሮስ በመቅደላ አረፉ። በዚያ ጦርነት አንድ የጎንደር ሕፃን ከወላጆቹ ተለይቶ ቀረ። እንግሊዞችም ወደ ህንድ ወሰዱት፣ አሳደጉት፣ ቻርልስ ማርቲንም አሉት። ወላጆቹ ያወጡለት ስም ግን ወርቅነህ እሸቴ ነበር።

በዘመነ ማርቆስ፣ በ1874 ዓ.ም.፣ የጎጃሙ ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት ዓባይን ተሻግረው ከሸዋው ንጉሥ ምኒልክ ጋር በእምባቦ ተዋጉ፤ ቆስለውም ተማረኩ። በዚያው ዓመት፣ እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር በ1882፣ ወርቅነህ በላሆር ሕክምና ተምሮ ተመረቀ። የጎጃም ሠራዊት በእምባቦ ሜዳ ደሙ ሲፈስ፣ ቁስል ማከም የተማረው የአገሩ ልጅ በባዕድ ስም በባዕድ አገር ነበረ። አገሩ አላወቀውም፣ እርሱም አገሩን አላወቀም። ይህን የሚያስብ ሰው ማዘን ይገባዋል።

ከዓድዋ ድል በኋላ ሐኪም ወርቅነህ ወደ አዲስ አበባ መጡ፤ አያታቸውም በልጅነት ጠባሳቸው ለዩአቸው። ከዚያ ወዲያ ሐኪም ብቻ አልሆኑም፤ የተፈሪ መኮንን ትምህርት ቤትን መርተዋል፣ በለንደንም የኢትዮጵያ መልእክተኛ ሆነዋል። ከየካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. በኋላ ግን የኢጣሊያ ፋሺስቶች በእንግሊዝ አገር የተማሩትን ሁለት ልጆቻቸውን ዮሴፍንና ቢንያምን ገደሉባቸው። እርሳቸውም በ1945 ዓ.ም. አረፉ። በሙያቸው የሚመካከሩት ወንድም ያጡበት ዘመን ረጅም ነበር፤ የተማረ ሰው ብቸኝነት እንዲህ ነው።

ዶክተር መላኩ በያን ደግሞ በአሜሪካ በሐዋርድ ዩኒቨርሲቲ ሕክምና አጥንተው፣ እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር በ1935 ተመርቀው፣ ለኢጣሊያው ጦርነት ወደ አገራቸው ገቡ። ከሁለት ዓመት በኋላም በኒውዮርክ የኢትዮጵያ ዓለም አቀፍ ፌዴሬሽንን አቋቋሙ። በዚያ አገር ጥቁር ሐኪሞች ነጮቹ አናስገባም ስላሏቸው እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር ከ1895 ጀምሮ የራሳቸው ማኅበር ነበራቸው። ከቻይና የዘር ሐረግ የሚወለዱ ሐኪሞችም በኋላ እንዲሁ ተሰባሰቡ። አንድ ወገን የራሱን ማኅበር ማቆሙ ከሌላው መለየት አይደለም፤ ታናሹ ታላቁን እንዲያገኝ ነው።

በአገር ቤትም እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር በ1961 የኢትዮጵያ ሕክምና ማኅበር ተመሠረተ፤ በማግስቱም ዓመት መጽሔቱ መታተም ጀመረ። የሕክምና ፋኩልቲም ተከፈተ፤ ዲኑ ፕሮፌሰር አሥራት ወልደየስ ብዙ ሐኪም አስተማሩ። ከዚያ በኋላ ግን አብዮትና ስደት መጣ፣ የተማረውም ወደ ውጭ ፈሰሰ። በቺካጎ ያለው ኢትዮጵያዊ ሐኪም በአገሩ ካለው ይበልጣል የሚል አባባልም ተሰማ።

በዘመነ ሉቃስ፣ ግንቦት 6 ቀን 1991 ዓ.ም.፣ ፕሮፌሰር አሥራት በፊላዴልፊያ አረፉ። በዚያው የፈረንጅ ዓመት በ1999፣ የዲትሮይቱ የልብ ቀዶ ሐኪም ዶክተር እንግዳ አስፋው በሰሜን አሜሪካ የኢትዮጵያ ጤና ባለሙያዎችን ማኅበር አቋቋሙ፤ የነርቭ ሐኪሙ ዶክተር እናውጋው መሐሪም ፒፕል ቱ ፒፕል የተባለውን መሠረቱ። ከእነዚህ ማኅበራት አባላትም መካከል በዕረፍት ጊዜያቸው አገር ቤት መጥተው የሚያክሙና የሚያስተምሩ ተነሡ። ይህ ታላቅ ሥራ ነው።

ነገር ግን የእነዚህ ሐኪሞች መንገድ ብዙ ጊዜ አዲስ አበባ ላይ ያበቃል። የይጁቤ ሰው ሕመሙ ሲጸናበት ወደ ደብረ ማርቆስ ይወጣል፤ በደብረ ማርቆስም ሆስፒታልና የሕክምና ተማሪዎች አሉ። በባሕር ማዶ ያላችሁ የጎጃም ልጆች ሐኪሞች ሆይ፣ ማኅበራችሁ ሲሰበሰብ ደብረ ማርቆስን በስም አንሱ፤ እዚያ ካሉት መምህራንና ሐኪሞች ጋር ተገናኙ፣ ወጣቶቹንም አስተምሩ።