የጓሣ ሣርና የመንዝ ሰዎች ምክር

የዱር አራዊት ጥበቃ ነገር ሲነሣ ብዙዎቻችን የምናስበው ከመሥሪያ ቤት የሚወጣውን ደንብና ጠብመንጃ የያዘውን ዘበኛ ነው። ዳሩ ግን ደንቡን ሕዝቡ ራሱ መክሮ ያወጣበት፣ ዘበኛውም ሕዝቡ ራሱ የሆነበት ሥፍራ በአገራችን ስላለ፣ ታሪኩን መመርመር ይገባናል።

ይኸውም በሰሜን ሸዋ በመንዝ ምድር የሚገኘው የጓሣ ደጋ ነው። ከፍታው ከባሕር ወለል በላይ ከ3,200 ሜትር ይበልጣል። ባላገሩ በጓሣ ሣር ቤቱን ይከድናል፤ ገመድ ይገምዳል፤ ለዝናብ የሚሆን ገሳ ይሠራል። በሣሩ ሥር አይጥ ይራባል፤ አይጡን እያደነ ቀይ ቀበሮ ይኖራል። ስለዚህ ባላገሩ ለጣራው ብሎ የጠበቀው ሣር ለአውሬውም መጠለያ ሆነለት።

የአገሩ ሰዎች እንደሚተርኩት፣ አስቦና ጌራ የተባሉ አቅኚ አባቶች ምድሩን ከተካፈሉ በኋላ ቄሮ የሚባለው ሥርዓት ቆመ። ጅማሬውም በ17ኛው መቶ ዓመት እንደ ሆነ ይነገራል። ባለመብቶቹ አለቃቸውን ይመርጡ ነበር፤ አለቃውም ሣሩ እስኪጎለምስ ጓሣውን ከ3 እስከ 5 ዓመት ይዘጋና ጊዜው ሲደርስ ለአጨዳ ይከፍተው ነበር። ደንብ ያፈረሰ ይቀጣ ነበር። ይሁን እንጂ ሥርዓቱ እንከን አልነበረውም ማለት አይቻልም፤ መብቱ በትውልድ የሚቆጠር ስለ ነበረ፣ ከአቅኚዎቹ ዘር ያልተወለደ ጎረቤት ከምክሩም ከሣሩም ውጭ ይቀር ነበር።

በ1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት አዋጅ በታወጀ ጊዜ የትውልድ መብት ቀረ፤ ቄሮም አብሮ ፈረሰ። መሬት ያልነበረው ሰው ፍርድ ቢያገኝም ጓሣው ጠባቂ አጣ፤ ሁሉ የሚያጭደው፣ ማንም የማይዘጋው ሆነ።

ከጊዜ በኋላ ግን ነዋሪዎቹ ከዙሪያው ቀበሌዎች ተወካዮችን መርጠው ኮሚቴ አቋቋሙ፤ መተዳደሪያ ደንብም አወጡ። መዝጋቱና መክፈቱ ተመለሰ፤ መብቱ ግን በዘር መሆኑ ቀርቶ በነዋሪነት ሆነ። የአማራ ክልል መንግሥትም በ2012 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ሥፍራውን የማኅበረሰብ ጥብቅ ሥፍራ ብሎ በሕግ አጸናው።

እንግዲህ በመሥሪያ ቤት የምታገለግሉ ወገኖች፣ ስለ ዱር ወይም ስለ ሐይቅ ዓሣ ደንብ ስታረቅቁ ይህን ታሪክ አስታውሱ። የቀድሞው አዋጅ መብቱን ለሁሉ ሲያዳርስ፣ ጥበቃውን የሚረከበው ማን እንደ ሆነ አልወሰነም ነበር። ማኅተሙን ከማሳረፋችሁ በፊት ሣሩን የሚያጭደው፣ መረቡን የሚጥለው ሰው ተጠይቆ እንደ ሆነ መርምሩ፤ ካልተጠየቀም ጉዞው ቢርቅ እንኳ ሄዳችሁ ጠይቁት።