አውድማና ደርስ፦ የወሎ ሙስሊም ገበሬ ኑሮና የዕውቀት ቀለብ

የኢትዮጵያ ሙስሊሞችን ታሪክ በሚተርኩ ጽሑፎች ውስጥ ሁለት ሰዎች ደጋግመው ይታያሉ። አንደኛው ከዘይላና ከታጁራ ወደብ ሸቀጡን ጭኖ ወደ ደጋው የሚወጣው ሲራራ ነጋዴ ነው። ሁለተኛው በዛዊያው ተቀምጦ ኪታብ የሚያስቀራው ሸይኽ ነው። ሁለቱንም ሲመግብ የኖረው ሦስተኛው ሰው ግን በእነዚሁ ገጾች ላይ እምብዛም አይገኝም፤ እርሱም ገበሬው ነው። በዚህ ጽሑፍ የወሎን ሙስሊም ገበሬ ኑሮ እንመለከታለን። የምናቀርበው ሐሳብ አንድ ነው፦ በገጠሩ የነበረው እስላማዊ ትምህርት ቀለቡን ያገኘው ከአውድማ ስለ ነበር፣ የዑለማእን ታሪክ ከማሳው ነጥሎ መጻፍ ታሪኩን ከግማሽ በላይ ያጎድለዋል።

የተዘነጋበት ምክንያት

ገበሬው የተዘነጋው በአጋጣሚ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1668 በአፄ ዮሐንስ ቀዳማዊ ዘመን በጎንደር የተሰበሰበው ጉባኤ ሙስሊሞች ከክርስቲያኑ ተለይተው በራሳቸው ሰፈር እንዲኖሩ ወሰነ። በሰሜኑ ደጋ ባለ ርስት እንዳይሆኑ የተከለከሉት ሙስሊሞችም ፊታቸውን ወደ ንግድና ወደ ሽመና አዞሩ። ከዚህ ሁኔታ በኋላ «ሰማይ አምድ የለው፣ እስላም አገር የለው» የሚል አባባል ተሰራጨ። አባባሉ ሙስሊሙን መሬት የሌለው፣ መንገድ ላይ የሚኖር እንግዳ አድርጎ ይስላል። አገር ጎብኚዎችም የሚያርፉት በገበያና በመንገድ ዳር ስለ ነበር በማስታወሻቸው ያሰፈሩት ነጋዴውን ነው። በዚህ መንገድ በአንድ አካባቢ በክልከላ የተፈጠረ የኑሮ ዘይቤ የመላው ሙስሊም ተፈጥሯዊ ጠባይ ተደርጎ ተወሰደ።

ወሎ ይህን ሥዕል ያፈርሰዋል። በቃሉ፣ በደዌ፣ በአልቡኮ፣ በየጁና በወረ ሂመኖ ሙስሊሙ በዋናነት አራሽ ነበር፤ ከአባት ለልጅ የሚተላለፍ ርስት የነበራቸው ቤተሰቦችም ጥቂት አልነበሩም። ነጋዴውና ሸማኔው በመካከላቸው ቢኖሩም፣ ብዙውን ጊዜ እነርሱም ክረምት ሲገባ እርፍ የሚጨብጡ ሰዎች ነበሩ። ፕሮፌሰር ሁሴን አህመድ እ.ኤ.አ. በ2001 ባሳተሙት፣ በ19ኛው ክፍለ ዘመን የወሎ እስልምና ላይ ባተኮረው መጽሐፋቸው የወሎን ዑለማእና የትምህርት ማዕከሎች ታሪክ በሰፊው አሳይተውናል። ለእኛ የቀረው ሥራ በእነዚያ ማዕከሎች ዙሪያ የነበረውን ማሳ ማየት ነው።

ማሳው

የወሎ ገበሬ ሥራውን የሚያቅደው በከፍታና በዝናብ ነው። በደጋው ገብስ የሚዘራው በበልግ ዝናብ በመሆኑ፣ በጥርና በየካቲት የተዘራው በሰኔና በሐምሌ ይታጨዳል። በወይና ደጋው ጤፍ በሐምሌ ተዘርቶ በኅዳር ይደርሳል። ከቦርከና ሸለቆ ወደ ቆላው ሲወረድ ደግሞ ማሽላ ይበዛል፤ በሚያዝያና በግንቦት መሬት የገባው እስከ ታኅሣሥ በማሳ ላይ ይቆያል። በልግ ከቀረ ደጋው ይራባል፤ ክረምት ካጠረ ቆላው ይጎዳል። የዝናብ መዛነፍ በየቤቱ ያለውን የጎታ መጠን ስለሚወስን፣ ሶላተል ኢስቲስቃእና ለዝናብ የሚደረገው ዱዓ በገጠሩ ኑሮ ውስጥ የነበራቸው ቦታ ከፍተኛ ነበር። መንደሩ ለወዳጃ ሲሰበሰብም ቡናው አቦል፣ ቶና፣ በረካ እየተባለ ይወርዳል፤ በሦስተኛው ስኒ ስም ውስጥ ያለው የዐረብኛ ቃል ገበሬው ከማሳው ምን ይጠብቅ እንደ ነበር ይናገራል።

ከመሬት ቀጥሎ ዋናው ሀብት በሬ ነው። አንድ በሬ ብቻ ያለው ገበሬ ከሌላ ባለ አንድ በሬ ጋር በመቀናጆ ያርሳል፤ ምንም የሌለው በጉልበቱ ቀን ሠርቶ በሬ ይዋሳል። አረም፣ አጨዳና ውቂያ በደቦና በወንፈል ይከናወናሉ። የሴቶች ድርሻ በጽሑፍ ይበልጥ የተዘነጋ ነው። ማረም፣ እህል ማበጠርና መፍጨት፣ ውሃ መቅዳት፣ ጥጥ መፍተል የእነርሱ ሥራ ነበር። ሸማኔው የሚሸምነው እነርሱ የፈተሉትን ነው፤ ደረሳው የሚበላውም እነርሱ በድንጋይ ወፍጮ የፈጩትን ነው። አንድ ሸይኽ ስንት ደረሳ ማስቀራት እንደሚችል የሚወስነው ከዕውቀታቸው ጋር የአካባቢው ሴቶች ጉልበትም ነበር ብንል ማጋነን አይሆንም።

አውድማው

ምርቱ አውድማ ላይ ሲከመር የሃይማኖትና የመንግሥት ድርሻ በአንድ ክምር ላይ ይገናኛሉ። የሱረቱል አንዓም 141ኛ አንቀጽ የአዝመራ ሐቅ በሚታጨድበት ቀን እንዲሰጥ ያዛል። በዝናብ ከለማው ምርት አንድ አሥረኛው፣ በመስኖ ከለማው ደግሞ የአሥረኛው ግማሽ ዘካ ይሆናል። በብዙኃኑ ፉቀሃእ ዘንድ ግዴታው የሚጀምረው አምስት ወስቅ ሲሞላ ነው፤ ይህም 300 ሷዕ ሲሆን በዘመናችን ስሌት ወደ 653 ኪሎ ግራም ይገመታል። ኢማሙ አቡ ሐኒፋ ግን ለምርት ዘካ ኒሷብ አልወሰኑም። በወሎ የሻፊዒም የሐነፊም መዝሀብ ይቀራ ስለ ነበር ልዩነቱ ከኪታብ አልፎ ወደ ቁናና ወደ ዳውላ ይወርዳል። አምስት ኩንታል ማሽላ ያገኘ ሰው በአንደኛው መዝሀብ ዘካ የለበትም፤ በአቡ ሐኒፋ አቋም ግን ይሰጣል።

በዚያው ክምር ላይ መንግሥትም እጁን ይዘረጋል። አፄ ምኒልክ በ1885 ዓ.ም. ገደማ፣ በየገበሬው ቤት እየገባ የሚቀለበውን ወታደር ሸክም ለማስቀረት ሲሉ ከምርት አንድ አሥረኛ የሚከፈል አሥራት ደነገጉ። ይህ ግብር በተለያየ መልክ እየተለወጠ ቆይቶ በ1960 ዓ.ም. በእርሻ ገቢ ግብር ተተካ። በስሙም በመጠኑም ከዑሽር ጋር የሚመሳሰል ቢሆንም በዓላማው የተለየ ነው። ዘካ ኒያ የሚጠይቅ ዒባዳ ሲሆን ተቀባዮቹም በሱረቱ ተውባ 60ኛ አንቀጽ የተዘረዘሩት ስምንቱ ወገኖች ናቸው፤ አሥራት ግን ለመንግሥት ጎተራ የሚገባ ግብር ነው።

ሸክሙን በምሳሌ እንመልከት። መሬቱን በእኩል የሚያርስ አንድ ጭሰኛ 20 ኩንታል አገኘ እንበል። በብዙ ቦታ እንደሚደረገው አሥራቱ ከክምሩ ሲነሳ 2 ኩንታል ይሄዳል። ከቀረው 18 ኩንታል ግማሹ የባለ መሬቱ ነው። ለጭሰኛው ከተረፈው 9 ኩንታል ዘካው 90 ኪሎ ግራም ይሆናል። ለሚቀጥለው ዓመት ዘር፣ ለበሬ ኪራይና ለዕዳ የሚሆነውን ሲቀንስ ለቤተሰቡ የሚቀረው ከ20 ኩንታሉ ሲሶውን እንኳ ላይሞላ ይችላል። በሐነፊ መዝሀብ በኸራጅ መሬት ላይ ዑሽር አይደረብም፤ በሻፊዒ መዝሀብ ሁለቱ ሊደራረቡ ይችላሉ። ደረሳው ይህን ኺላፍ በኪታብ ሲቀራ፣ አባቱ በአውድማው ላይ ይኖረው ነበር።

ደርሱ

ታላላቆቹ የትምህርት ማዕከሎች ከከተማ ርቀው በእርሻ መካከል የተመሠረቱ ናቸው። ሸይኽ ሙሐመድ ሻፊ የመሠረቱት ጀማ ንጉሥ በአልቡኮ፣ በሐጂ ቡሽራ ስም የሚታወቀው ጌታ በቃሉ ይገኛሉ። በታላላቅ የእስልምና ከተሞች መድረሳዎች በሱቆችና በእርሻዎች ዐቂፍ ይተዳደሩ እንደ ነበር እናውቃለን። በወሎ ገጠር የነበረው ደርስ ግን በዋናነት የሚተማመነው በየዓመቱ በሚገኘው እህል ላይ ነው። ደረሳው በሶና ቆሎ ሰንቆ ከሩቅ አገር ይመጣል፤ ስንቁ ሲያልቅ የመንደሩ ሰው ይቀልበዋል። በእርሻ ጊዜ የሸይኹን ማሳ ያርሳል፣ ያርማል፣ ያጭዳል። ለዕውቀት ራሱን የሰጠ ችግረኛ ተማሪ ከዘካ ሊሰጠው እንደሚችል ፉቀሃእ የገለጹት ብይን እዚህ በየቀኑ በሥራ ላይ ይውል ነበር። ሚንሃጅና አልፊያህ የሚቀሩት፣ ገበሬው ከጎታው ከቀነሰው እህል በተጋገረ እንጀራ ነው።

ዑለማእም ለዚህ ቀለብ ምላሽ ሰጥተዋል። በዐረብኛ ፊደል በአማርኛ ቋንቋ የተጻፉት የዐጀም ድርሰቶች፣ በተለይም መንዙማዎች፣ ኪታብ ያልቀራው አራሽ ዐቂዳውንና የነቢዩን (ሰ.ዐ.ወ.) ሕይወት በራሱ ቋንቋ በቃሉ እንዲይዝ አስችለዋል። ሸይኽ ጦልሃ ቢን ጃዕፈር በዚህ ጽሑፍ ከሚታወቁት አንዱ ናቸው።

የዒባዳው ዘመን አቆጣጠርና የእርሻው ዘመን አቆጣጠርም ይለያያሉ። የሂጅራው ዓመት ከፀሐይ ዓመት 11 ቀን ያህል ስለሚያጥር ረመዷን በ33 ዓመት ገደማ ውስጥ ወቅቶቹን ሁሉ ይዞራል። ስለዚህ አንድ ገበሬ በዕድሜው በዘር ወቅት፣ በአረም ወቅት፣ በአጨዳም ወቅት ይጾማል። አንዳንዱ ረመዷን ጎታው ሙሉ ሆኖ ይገባል፤ አንዳንዱ ደግሞ አሮጌው እህል አልቆ አዲሱ ባልደረሰበት ክፍተት ላይ ይወድቃል።

ማሳው ሲራቆት

የማሳውና የደርሱ ትስስር ጎልቶ የሚታየው በመከራ ጊዜ ነው። በ1870 ዓ.ም. ከተካሄደው የቦሩ ሜዳ ጉባኤ በኋላ አፄ ዮሐንስ አራተኛ የወሎ ሙስሊሞች ሃይማኖታቸውን እንዲለውጡ ሲያስገድዱ፣ ከፊሉ ተዋጋ፣ ከፊሉ ደግሞ ወደ ጅማ፣ ወደ አርሲና ወደ ሌሎች አገሮች ተሰደደ። ሸይኹ ኪታቡን ይዞ መሰደድ ይችላል፤ ገበሬው ግን መሬቱን ተሸክሞ አይሄድም። ገበሬው ሲነቀል በእርሱ ዙሪያ የቆመው ደርስም ይበተናል። ወዲያው ከ1880 እስከ 1884 ዓ.ም. ክፉ ቀን መጣ። ከውጭ የገባው የከብት በሽታ በሬውን ፈጀው፤ ዝናብ ቢዘንብም የሚያርስ ታጣ። በሬ ከሌለ ምርት የለም፤ ምርት ከሌለ ዘካ የለም፤ ዘካ ከሌለ ደረሳው ወደ መጣበት ይመለሳል።

በ1965 እና በ1966 ዓ.ም. የወሎ ገበሬ ዳግመኛ ተራበ። የ1966ቱ ረመዷን ከመስከረም አጋማሽ እስከ ጥቅምት አጋማሽ ነበር። ረኀቡን ለዓለም ያጋለጠው የእንግሊዛዊው ጋዜጠኛ ጆናታን ዲምብልቢ ፊልም በቴሌቪዥን የተላለፈው ጥቅምት 8 ቀን፣ ረመዷን ወደ መጨረሻዎቹ አሥር ቀናት በገባበት ወቅት ነው። ከደሴ ወደ ሰሜን በሚወስደው መንገድ ዳር በየመጠለያው ከወደቁት መካከል ብዙዎቹ ከጥቂት ዓመታት በፊት ዘካ ሰጪዎች የነበሩ አራሾች መሆናቸውን መርሳት አይገባም።

በዚያው ዓመት ሚያዝያ 12 ቀን የአዲስ አበባ ሙስሊሞች ከሌሎች ወገኖቻቸው ጋር ለእኩልነት አደባባይ ወጡ። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የታወጀው የገጠር መሬት አዋጅ ጭሰኝነትን ሽሮ፣ ማረስ ለሚፈልግ ሁሉ እስከ 10 ሄክታር የሚደርስ የመጠቀም መብት ፈቀደ። አዋጁ መሬቱን የመንግሥት በማድረጉና በኋላ በመጡት አስገዳጅ ሠፈራዎች ገበሬውን ሌላ ሸክም ውስጥ መክተቱ እውነት ነው። ሆኖም «አገር የለው» የተባለው ሰው፣ በሰሜኑ ደጋ ያለው ጭምር፣ በሕግ ፊት የመሬት ድርሻ ያገኘው ያን ጊዜ ነው።

ለመምህራንና ለኢማሞች

ዛሬ በወሎ ገጠር ወደ ሳዑዲ ዓረቢያና ወደ ሌሎች የባሕረ ሰላጤው አገሮች የሄዱ ልጆች የሚልኩት ገንዘብ ለብዙ ቤተሰቦች የኑሮ መደገፊያ ሆኗል። የገንዘብ ዘካ ስሌት በየሚንበሩ ሲብራራ እንሰማለን፤ የምርት ዘካ ስሌት ግን ከአሮጌዎቹ መስፈሪያዎች ጋር ከመታሰቢያ እየወጣ ነው። አንድ ቁና በአካባቢው ስንት ሷዕ እንደሚሆን፣ ደርሱ ከየትኛው ማሳ ይቀለብ እንደ ነበር፣ ለሸይኹ በሬ ያዋሰው፣ ለደረሳው የጋገረችው ማን እንደ ነበሩ የሚያውቁት አረጋውያን በቁጥር እያነሱ ነው።

እነዚህን ጥያቄዎች ለመጠየቅ ከኢማምና ከመምህር የተሻለ ሰው የለም፤ ሽማግሌው ከጁሙዓ ሶላት በኋላ ከጎኑ ተቀምጠዋልና። በኅዳርና በታኅሣሥ ስለ ምርት ዘካ ኹጥባ የሚያደርግ ኢማም በዚያው ሳምንት የመስጊዱን ሽማግሌዎች ስለ መስፈሪያቸው ቢጠይቅና መልሱን በአንድ ደብተር ቢጽፍ፣ ለፊቅህ ትምህርቱ የአካባቢውን ልኬት፣ ለታሪካችን ደግሞ እስካሁን ያልተጻፈውን ገጽ ያገኛል። ደብተሩ ሲከፈት በመጀመሪያው መስመር ላይ የሚሰፍረው የገበሬው ስም ቢሆን ተገቢ ነው እንላለን።