የደም ስኳርን በወረቀት መለካት፦ አሠራሩና ጥንቃቄው

ኢንሱሊን የሚወስድ የስኳር ሕሙም የደሙን የስኳር መጠን ሳያውቅ መድኃኒቱን ቢወጋ ስኳሩ ከልክ በታች ሊወርድበት ይችላል። መጠኑ ከ70 ሚሊ ግራም በዴሲ ሊትር ሲያንስ ማላብ፣ መንቀጥቀጥ፣ ሲብስም ራስን መሳት ይከተላል። ለዚህ ነው ልኬት የሚያስፈልገው። የመለኪያ መሣሪያው አንዴ ይገዛል፤ ደም የሚነካበት ቁራጭ ግን በእያንዳንዱ ልኬት ይጣላል። ወጪውን የሚያበዛውም ይኸው ነው። ተመራማሪዎች ወደ ወረቀት ፊታቸውን ያዞሩት ይህን ወጪ ለመቀነስ ነው።

የኩራዝ ክር ላምባን እንደሚስብ ሁሉ ወረቀትም ፈሳሽን ያለ ኤሌክትሪክ ኃይል በራሱ ይስባል። ሰም ደግሞ ውኃ አያሳልፍም። በወረቀቱ ላይ ሰም ታትሞ ሲሞቅ ወደ ውስጥ ዘልቆ እንደ መስኖ ቦይ ግድግዳ ይኾናል፤ ፈሳሹም በተቀየሰለት መስመር ብቻ ይፈስሳል። በመስመሩ መጨረሻ ግሉኮስ ኦክሲዴዝ የተባለ ኢንዛይም ይጠብቀዋል። ኢንዛይሙ ከስኳሩ ጋር ሲገናኝ ሃይድሮጂን ፐርኦክሳይድ ይፈጠራል፤ ይህም በሌላ ኢንዛይም አማካኝነት የወረቀቱን ቀለም ይለውጣል። ስኳሩ በበዛ መጠን ቀለሙ ይደምቃል። የደሙ ቅላት ንባቡን እንዳያውክ ቀይ የደም ሕዋሳት አስቀድመው ይጣራሉ።

በአሜሪካ የሃርቫርድ ዩኒቨርሲቲ ባልደረባ ጆርጅ ኋይትሳይድስና የሥራ አጋሮቻቸው እ.አ.አ. በ2007 ያቀረቡት የወረቀት መለኪያ በሽንት ውስጥ ያለን ስኳርና ፕሮቲን የሚለይ ነበር። ይሁን እንጂ ስኳር በሽንት የሚታየው አብዛኛውን ጊዜ በደም ውስጥ ከ180 ሚሊ ግራም በዴሲ ሊትር ገደማ ሲያልፍ ነው። የሽንት ምርመራ የስኳርን መውረድ ስለማያሳይ የደም ልኬትን አይተካም።

ወረቀት ርካሽ ቢኾንም ድክመት አለበት። ሙቀትና እርጥበት ኢንዛይሙን ያዳክማሉ። ቀለምን በዓይን መለየትም እንደ ብርሃኑና እንደ ተመልካቹ ይለያያል።

ዛሬ በገበያ ላይ ባሉት ቁራጮች የሚጠቀሙም ጥንቃቄ ያሻቸዋል። እጅን በሳሙና ታጥቦ ማድረቅ ይገባል፤ በጣት ላይ የቀረ የፍራፍሬ ጭማቂ ውጤቱን ከፍ ያደርጋልና። የቁራጮቹን ዕቃ ከድኖ ከፀሐይ ማራቅና የአገልግሎት ጊዜያቸውን ማየትም ግድ ነው።

በባዶ ሆድ 126 ሚሊ ግራም በዴሲ ሊትርና ከዚያ በላይ ያነበበ ሰው ወደ ጤና ተቋም ሄዶ በላቦራቶሪ መረጋገጥ አለበት። ሕመሙ የታወቀለትም ያለ ባለሙያ ምክር የመድኃኒቱን መጠን መለወጥ የለበትም።