ፍቺ፣ ርስትና ልጅ በቢቸናና በሞጣ

በምሥራቅ ጎጃም በቢቸናና በሞጣ አካባቢ፣ ባልና ሚስት ከተፋቱ በኋላ ልጅን ከሁለቱም ወገን ጋር አስተሳስሮ ያቆየው ከሁሉ በላይ ርስት ነበር። ርስት የሚባለው የመሬት ይዞታ በአባትም በእናትም በኩል ይወረስ ነበር። በሰማንያ የተጋቡ ሰዎች ሲለያዩ ንብረታቸውን በሽማግሌ ፊት ይካፈሉ ነበር፤ ልጁ ግን በሁለቱም ዘር ወደ ዋና አባት፣ ማለትም ወደ መሬቱ የመጀመሪያ ባለርስት፣ እየቆጠረ መሬት የመጠየቅ መብቱ አይነካበትም ነበር። አለን ሆበን የተባለው አሜሪካዊ አንትሮፖሎጂስት በዚያው በጎጃም፣ በደጋ ዳሞት፣ ይህንኑ ሥርዓት በዝርዝር አጥንቷል። እናቱ ዘንድ ያደገ ልጅ የአባቱን ዘመዶች መራቅ አያዋጣውም ነበር፤ ድርሻ የሚገኘው በዘመድ በኩል ነበርና። የተፋቱትን ወላጆች ያግባባቸው ከፍቅር ይልቅ ይህ ጥቅም ሳይሆን አይቀርም።

የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ፍቺን ለቤተ ዘመድ ሽማግሌዎች ሰጠ፤ ከባድ ምክንያት ከሌለ ልጅ እስከ አምስት ዓመቱ ከእናቱ ዘንድ እንዲቆይም ደነገገ። ለገበሬው ግን ከሕጉ መጽሐፍ ርስቱ ይበልጥበት ነበር። በ1960 ዓ.ም. የእርሻ ገቢ ግብር ሲመጣ ቢቸናና ሞጣ ያመፁት፣ ለግብሩ ሲባል መሬት መለካቱ ርስታቸውን የሚያሳጣቸው መስሏቸው ጭምር ነው።

በ1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት አዋጅ ርስትን ሻረ፤ የቆየው ማሰሪያም አብሮ ላላ። የልጅ ጉዳይ ቀስ በቀስ ወደ ፍርድ ቤት ሄደ። የ1992ቱ የፌዴራል የቤተሰብ ሕግ ዳኛው የወላጆቹን ገቢ፣ ዕድሜ፣ ጤንነትና አኗኗር፣ የልጁንም ዕድሜና ጥቅም መዝኖ እንዲወስን አዘዘ፤ የአማራ ክልልም በ1995 ዓ.ም. የራሱን የቤተሰብ ሕግ አወጣ።