ሕፃናት በቀን ምን ያህል ቢራመዱ ይመከራል?

“እኛ ትምህርት ቤት የምንሄደው ሁለት ሰዓት በእግራችን ተጉዘን ነበር” የሚል አባትና “ልጄ ይደክማታል” እያለች ከደጅ እስከ መኪናው ድረስ የምታዝል እናት ብዙውን ጊዜ የሚገኙት በአንድ ቤት ውስጥ ነው። ልጅቷ ደግሞ በሁለቱ መካከል ሆና ጠዋት በሰርቪስ ትሄዳለች፣ ከሰዓት በኋላ በሰርቪስ ትመለሳለች፣ ከዚያ በኋላ ያለውን ጊዜ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ቴሌቪዥን ፊት ታሳልፋለች።

ለመሆኑ አንድ ትንሽ ልጅ ሳይጎዳና ሳይማረር በቀን ምን ያህል መራመድ ይችላል? ወላጆች ይህን ጥያቄ ሲያነሱ አብዛኛውን ጊዜ የሚጠብቁት መልስ በኪሎ ሜትር የተሰፈረ ነው። እኔ ግን ጉዳዩን በተመለከትኩት ቁጥር ይበልጥ የሚታየኝ፣ የሕፃን እርምጃ በርቀት ሳይሆን በጊዜና በድግግሞሽ የሚለካ መሆኑ ነው። ምክንያቱን እንመልከት።

የሕፃን አረማመድ ከአዋቂ በምን ይለያል?

የዓለም ጤና ድርጅት በጋና፣ በሕንድ፣ በኖርዌይ፣ በኦማንና በአሜሪካ ያደጉ ሕፃናትን ተከታትሎ እ.ኤ.አ. በ2006 ባወጣው ጥናት መሠረት፣ ጤነኛ ሕፃናት ያለ ድጋፍ መራመድ የሚጀምሩት ከ8 ወር እስከ 17 ወር ተኩል ባለው ጊዜ ውስጥ ነው። ይህ ማለት ግን በዚያን ጊዜ አረማመዳቸው ተጠናቀቀ ማለት አይደለም። አረማመዱ ወደ አዋቂ ሰው የሚቀርበው በ7 ዓመት ገደማ ነው። እስከዚያ ድረስ እግሩ አጭር በመሆኑ እኛ አንድ ጊዜ በምንራመድበት ቦታ እሱ ሁለት ጊዜ ይራመዳል። ከክብደቱ ጋር ሲነፃፀርም በእኩል ፍጥነት ለመሄድ ከእኛ የበለጠ ጉልበት ያወጣል። በመሆኑም ለአባትየው “ቅርብ” የሆነው አንድ ኪሎ ሜትር ለሦስት ዓመት ልጅ ቅርብ አይደለም።

በሌላ በኩል ሕፃናት ሰነፎች አይደሉም። በኒውዮርክ ዩኒቨርሲቲ የሥነ ልቦና ተመራማሪዋ ካረን አዶልፍና ባልደረቦቿ እ.ኤ.አ. በ2012 ባሳተሙት ጥናት፣ ከ12 እስከ 19 ወር ዕድሜ ያላቸው ሕፃናት በነፃነት ሲጫወቱ በአማካይ በአንድ ሰዓት ውስጥ 2,368 እርምጃ እንደሚራመዱ፣ 700 ሜትር ያህል እንደሚሸፍኑና 17 ጊዜ እንደሚወድቁ ተመዝግቧል። ልብ እንበል! ይህ ሁሉ የሆነው ማንም እጃቸውን ይዞ ሳይጎትታቸው፣ እየቆሙ፣ እየዞሩና እየተመለሱ ነው።

የዓለም ጤና ድርጅት ምን ይመክራል?

ድርጅቱ እ.ኤ.አ. በ2019 ከአምስት ዓመት በታች ላሉ ሕፃናት ባወጣው መመሪያ፣ የአንድና የሁለት ዓመት ልጆች በቀን ቢያንስ 180 ደቂቃ በልዩ ልዩ እንቅስቃሴ እንዲያሳልፉ ይመክራል። ለሦስትና ለአራት ዓመት ልጆችም ጊዜው ያው 180 ደቂቃ ሲሆን፣ ከዚህ ውስጥ ቢያንስ 60 ደቂቃው ሞቅ ያለ፣ ትንፋሽ የሚያፈጥን እንቅስቃሴ መሆን አለበት። ከ5 እስከ 17 ዓመት ላሉት ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2020 የወጣው መመሪያ በቀን በአማካይ 60 ደቂቃ ሞቅ ያለ እንቅስቃሴን ያዛል።

ሦስት ሰዓት ሲባል ሦስት ሰዓት በእግር መጓዝ ማለት አይደለም። መሯሯጡ፣ መዝለሉ፣ ደረጃ መውጣቱ፣ ኳስ መምታቱና ቤት ውስጥ ወዲያ ወዲህ ማለቱ ሁሉ ተደምሮ ነው። የእግር ጉዞ የዚህ አንድ ክፍል ብቻ ነው።

ይኸው የ2019 መመሪያ ለእኛ ቤት ቅርብ የሆነ አንድ ነጥብም ይዟል። ሕፃናት በጋሪ፣ በወንበር ወይም በሰው ጀርባ ላይ ታስረው በአንድ ጊዜ ከአንድ ሰዓት በላይ መቆየት የለባቸውም ይላል። አንቀልባን ማንም አይነቅፍም። ነገር ግን መራመድ የሚችል ልጅ ቀኑን ሙሉ ሲታዘል ቢውል ወይም ትራፊክ በተጨናነቀ መንገድ ላይ ሰርቪስ ውስጥ ረጅም ጊዜ ቢቀመጥ ውጤቱ ተመሳሳይ ነው።

ታዲያ ስንት ኪሎ ሜትር?

ቁጥር ካልተሰጠኝ ለሚል አንባቢ፣ እኔ እንደ መነሻ የምጠቀምበትን ግምት ላስቀምጥ። የሚያገለግለው ለጤነኛ ልጅ በሜዳማ መንገድ ላይ ሲሆን ደርሶ መልሱን ያካትታል። ሕግ ሳይሆን ግምት መሆኑ ይታወቅ።

- ከ1 ዓመት ተኩል እስከ 2 ዓመት፦ ከ10 እስከ 15 ደቂቃ፣ ጥቂት መቶ ሜትሮች፤
- 3 ዓመት፦ ከ20 እስከ 30 ደቂቃ፣ ቢበዛ እስከ 1 ኪሎ ሜትር፤
- ከ4 እስከ 5 ዓመት፦ ከ30 እስከ 45 ደቂቃ፣ ከ1 እስከ 2 ኪሎ ሜትር፤
- ከ6 እስከ 7 ዓመት፦ እስከ አንድ ሰዓት፣ 3 ኪሎ ሜትር ገደማ።

ዳገት ሲሆን በግማሽ መቀነስ ይበጃል። ትክክለኛው መለኪያ ግን ልጁ ራሱ ነው። እየሄደ የሚያወራና የሚጠይቅ ከሆነ ልኩ ነው። ዝም ካለ፣ መደናቀፍ ካበዛ ወይም “እዘለኝ” ካለ ማረፍ አለበት። በማግስቱ እንደገና መውጣት ከፈለገ ደግሞ የትናንቱ መጠን አልበዛበትም ማለት ነው።

“ኃይሌስ እየሮጠ አይደል ያደገው?”

አትሌት ኃይሌ ገብረሥላሴ በአርሲ ሲያድግ ትምህርት ቤት ለመድረስ 10 ኪሎ ሜትር፣ ለመመለስም 10 ኪሎ ሜትር ይሮጥ እንደነበር በሰፊው ይታወቃል። ይሁን እንጂ ይህ ለትምህርት የደረሰ ልጅ ታሪክ እንጂ የሦስት ዓመት ሕፃን ታሪክ አይደለም። የገጠር ልጅ በዚያ ዕድሜው ከብት በመጠበቅ፣ በመላላክና በጨዋታ ሰውነቱን ያለማመደ ነው። የከተማውን ልጅ ግን አምስት ቀን አስቀምጠን እሑድ እንጦጦ ዳገት ላይ ብናወጣው የምናተርፈው ለቅሶ ነው። በሳምንት አንድ ቀን ከሚደረግ ረጅም ጉዞ ይልቅ በየቀኑ የሚደረግ አጭር ጉዞ ይበልጣል።

ለምሳሌ መኪናውን ከትምህርት ቤቱ 300 ሜትር ርቆ ማቆም ይቻላል። ጠዋት 300፣ ማታ 300 ሜትር በሳምንት 3 ኪሎ ሜትር ይሆናል። የሰርቪስ ተጠቃሚ ከሆነም ማታ ከቤት በፊት ባለው ፌርማታ ተቀብሎ ቀሪውን በእግር መምጣት ነው። ሆኖም የእግረኛ መንገድ በተቆፈረበት፣ የፍሳሽ ጉድጓድ ክዳን በሌለበት አካባቢ ልጁን ከመኪናው ተቃራኒ በሆነው ወገን አድርጎ እጁን መያዝ ግድ ነው። በዚህ ዕድሜ ያለ ልጅ የመኪናን ፍጥነትና ርቀት መገመት አይችልም።

እግር፣ ጫማና ፀሐይ

“ብዙ ካስኬድነው እግሩ ይጎብጣል” የሚለው ስጋት መሠረት የለውም። እስከ ሁለት ዓመት ገደማ እግር ወደ ውጭ ጎበጥ ማለቱ፣ በሦስትና በአራት ዓመት ደግሞ ጉልበት መገናኘቱ የተለመደ የእድገት ደረጃ ነው፤ እስከ 7 ዓመት አብዛኛው ይስተካከላል። የውስጥ እግር ጠፍጣፋ መሆንም በዚህ ዕድሜ እንግዳ ነገር አይደለም።

ከሁለት ዓመት በኋላ እየባሰ የሚሄድ ጉብጠት ግን ከፀሐይ እጦትና ከቫይታሚን ዲ እጥረት የሚመጣው ሪኬትስ ሊሆን ይችላል። በአዲስ አበባ የተካሄደና እ.ኤ.አ. በ1997 ላንሴት መጽሔት ላይ የወጣ ጥናት፣ ሪኬትስ በሳንባ ምች በታመሙ ሕፃናት ላይ ከሌሎቹ በብዙ እጥፍ በዝቶ መገኘቱን አሳይቷል። ልጅን ይዞ ደጅ መውጣት ለእግር ብቻ ሳይሆን ለአጥንትና ለሳንባም ነው ማለት ነው።

ጫማን በተመለከተ “ያድግበታል” ተብሎ የሚገዛ ሰፊ ጫማ ልጁን ያደናቅፋል፤ የጠበበውም ጣቱን ያጣምማል። ከረጅሙ ጣት ፊት የአውራ ጣት ስፋት ያህል ክፍተት ያለውና ሶሉ የሚታጠፍ ቢሆን ይመረጣል።

ሐኪም ማየት የሚያስፈልገው መቼ ነው?

ማታ ማታ ሁለቱንም እግር የሚያም፣ ጠዋት ግን ምንም የማይተው ሕመም በልጆች ላይ የተለመደ ነው። በአንፃሩ ልጁ 18 ወር ሞልቶት ካልተራመደ፣ ይራመድ የነበረው ካቆመ፣ ካነከሰ፣ መገጣጠሚያው ካበጠ ወይም ሕመሙ ከትኩሳት ጋር ከሆነ ሳይዘገዩ ወደ ሐኪም መውሰድ ይገባል። በተለይ ዕድሜው ከ5 ዓመት በላይ ሆኖ ከጉሮሮ ሕመም በኋላ ሕመሙ ከአንዱ መገጣጠሚያ ወደ ሌላው የሚዘዋወር ከሆነ፣ ልብን ሊጎዳ የሚችለው የሩማቲክ ትኩሳት ሊሆን ስለሚችል ችላ አይባልም። በትንሽ ጉዞ ትንፋሽ የሚያጥረው ወይም ከንፈሩ የሚጠቁር ልጅም እንዲሁ።

ከዚህ ውጪ ላለው ልጅ መፍትሔው ቀላል ነው፦ በየቀኑ ማውጣት፣ በራሱ እርምጃ ማስኬድ፣ ድመት ለማየት ሲቆምም አብሮ መቆም። የሚቸኩለው ወላጅ እንጂ ልጁ አይደለም።