የመኖሪያ ቫን ተጨማሪ የኤሌክትሪክ መስመር
የመኖሪያ ቫን ተጨማሪ የኤሌክትሪክ መስመር፣ ለመኝታና ለማብሰያ በተሰናዳ ተሽከርካሪ ውስጥ መብራትን፣ የውኃ ፓምፕንና ማቀዝቀዣን ሞተር ከሚያስነሣው ባትሪ ተለይቶ በሁለተኛ ባትሪ የሚመግብ የሽቦ ዝርጋታ ነው። በምዕራብ ጀርመን የቬስትፋሊያ ድርጅት ከ1951 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ያሰናዳቸው የፎልክስዋገን ቫኖች በመጀመሪያ በ6 ቮልት ይሠሩ ስለነበር፣ 10 ዋት አምፖል በእነርሱ ላይ 1.67 አምፔር ገደማ፣ ማለትም በኋላ ከመጡት ባለ 12 ቮልቶች እጥፍ የሆነ ጅረት ይስባል፤ በዚህም ምክንያት ወፍራም ሽቦ ይሻል። ሁለቱን ባትሪዎች የሚያገናኘው ሪሌይ፣ ይኸውም በኤሌክትሪክ ኃይል የሚከፈትና የሚዘጋ ማብሪያ፣ ሞተሩ ሲሠራ ሁለቱም እንዲሞሉ አድርጎ ሲጠፋ ይለያቸዋል። ከሁሉም የሚቀድመው ግን ፊውዝ ነው፤ በባትሪው ፖዘቲቭ ጫፍ አጠገብ ካልተቀመጠ፣ ልባሱ የተላጠ ሽቦ የጅረት መመለሻ የሆነውን ቦዲ ሲነካ እሳት ሊያስነሣ ይችላል፤ የፊውዙ መጠንም ሽቦው ሊሸከም ከሚችለው ጅረት መብለጥ የለበትም።