የነገሥታት ካቴድራልና የመንደር ቤተ ክርስቲያን በቆጵሮስ ደሴት

ቆጵሮስ በሜዲቴራኒያን ባሕር ውስጥ ያለች ደሴት ናት፤ የሐዋርያው የቅዱስ በርናባስም አገር ናት። እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1192 ዓ.ም. ሉዚኛን የሚባሉ የፈረንሳይ ወገን መሳፍንት ያዟትና ሦስት መቶ ዓመት ያህል ገዟት። ገዢዎቹ የሮማ ካቶሊክ ሲኾኑ የሚበዛው ሕዝብ የግሪክ ኦርቶዶክስ ስለ ነበረ፥ በደሴቲቱ ኹለት ዓይነት የሕንፃና የሥዕል ሥራ ጐን ለጐን ይገኛል።

በወደቡ ከተማ በፋማጉስታ፥ በ14ኛው መቶ ዓመት፥ የቅዱስ ኒቆላዎስ ካቴድራል ታነጸ። አሠራሩ ጎቲክ የሚባለው የፈረንሳይ ዓይነት ነው፤ ቅስቶቹ ጫፋቸው የሾለ፥ መስኮቶቹም ረዣዥም ናቸው። በምዕራቡ ፊት በታላቁ መስኮት ራስ ላይ ድንጋዩ እንደ ጽጌ ረዳ ተፈልፍሏል። የቆጵሮስ ነገሥታት የኢየሩሳሌምን ዘውድ የሚደፉት በዚሁ ቤት ነበረ።

ከባሕሩ ርቆ በትሮዶስ ተራራ፥ በፔዱላስ መንደር ደግሞ፥ በ1474 ዓ.ም. የተሠራች አንዲት ትንሽ የመላእክት አለቃ የቅዱስ ሚካኤል ቤተ ክርስቲያን አለች። ግንቧ ዝቅ ያለ ነው፤ ጣራዋ ግን በእንጨት ተዋቅሮ ሸክላ ለብሶ፥ የተራራው በረዶና ዝናም እንዳይቀመጥበት በኹለት ወገን እጅግ ያዘነበለ ነው። ይህም ጣራ የውስጡን ሥዕል ከርጥበት ጠበቀው። ሠዓሊው ሚናስ የሚባል የአገሩ ሰው ነው። ያሠራት ንጉሥ ወይም ጳጳስ ሳይኾን ቄስ ባስልዮስ ነው። በግድግዳው ላይም ቄሱ የቤተ ክርስቲያኒቱን ምሳሌ በእጁ ይዞ ለመልአኩ ሲያቀርብ፥ ሚስቱና ኹለት ሴቶች ልጆቹም ከኋላው ቆመው ይታያሉ።

በ1571 ዓ.ም. የቱርክ ሠራዊት ፋማጉስታን በያዘ ጊዜ ካቴድራሉ መስጊድ ኾነ፤ በውስጡ የነበሩት ምስሎችም ተወገዱ። ሕንፃው ዛሬም በክብር ቆሞ ሳለ የሚያገለግለው ለመስጊድነት ነው። የፔዱላስ ቤተ ክርስቲያን ግን የቀድሞ ሥዕሏን እንደ ያዘች አለች፤ ዩኔስኮም በ1985 ዓ.ም. ከሌሎች የትሮዶስ አብያተ ክርስቲያናት ጋራ በዓለም ቅርስነት መዝግቧታል።

የካቴድራሉ ክብር ከዙፋን ጋራ የተያያዘ ነበረና ዙፋኑ ሲያልፍ አብሮ ተለወጠ። የትንሿ ክብር ግን በአንድ ቄስና በቤተ ሰቡ ስጦታ ላይ የቆመ ነው። የነገሥታቱ ዘውድ ካለፈ ብዙ ዘመን ቢኾነውም፥ ቄስ ባስልዮስ ቤተ ክርስቲያኑን በእጁ እንደ ያዘ ዛሬም ይታያል።